ቤት ስንት ኪሎ ጭስ ይመዝናል?

ባለፈው ክረምት ደሴ አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ማለዳ ከማድ ቤቱ ደጃፍ የእህል ሚዛን አንጠልጥዬ ከገበያ የመጣውን የማገዶ እስር ስመዝን አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ እንጨት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንደ ቅቤ የሚመዘነው?» አሉኝ። ቤታቸው በዓመት ስንት ኪሎ ጭስ እንደሚያወጣ ላሰላ መሆኑን ነገርኳቸው። «ጭስ ሊመዘን!» ብለው እስኪበቃቸው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው፤ ጭስ አይመዘንም። የአንድ መኖሪያ ቤት የካርቦን አሻራ፣ ማለትም በቤቱ ምክንያት የሚወጣው ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ መጠን፣ ተለካ ሲባል ማንም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጋዝ አልሰበሰበም። የሚመዘነው ጋዙን ያመጣው ነገር ነው፤ ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ የመኪናው ናፍጣ፣ የምድጃው እንጨት። ከዚያ እያንዳንዱ በራሱ ማባዣ ይባዛል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከኪሎ በታች የሚመዝን ፈሳሽ እንዴት ሦስት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጋዝ ይወልዳል የሚል ሰው አይጠፋም። በናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይጣመራል፤ ክብደቱ የሚጨምረው ከአየር በወሰደው ነው። ናፍጣው ሐይቅ ከተማ ይንደድ ወልድያ፣ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

እንግዲህ ሒሳቡ ማባዛትና መደመር ብቻ ነው። የሚከብደው ምን ይቆጠር፣ ምን ይቅር፣ በስንት ዓመትና ለስንት ሰው ይካፈል የሚለው ነው። ሰው የሚሳሳተው፣ አንዳንዱም አውቆ የሚያሳስተው፣ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንጨርስ። ከቤት የሚወጣው ጋዝ አንድ ዓይነት አይደለም። እንጨት ታፍኖ ሲጨስ ሚቴን ይወጣል፤ ጥቂት ናይትረስ ኦክሳይድም አለበት። በመቶ ዓመት ስሌት፣ ኪሎ ለኪሎ ሲነጻጸሩ፣ ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 ጊዜ ገደማ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ 273 ጊዜ ያህል ይበልጥ ሙቀት ያምቃሉ። ጎተራ ውስጥ ያለው ጤፍ፣ ማሽላና ባቄላ በብር ተተምኖ አንድ ድምር እንደሚሆን ሁሉ፣ ጋዞቹም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተመንዝረው በአንድ ቁጥር ይነገራሉ። ከዚህ በታች «ኪሎ ካርቦን» ስል ይህን የተመነዘረውን ማለቴ ነው።

የአንድ ቤት ሒሳብ ሁለት ትልልቅ ክፍሎች አሉት። አንደኛው ቤቱ ቆሞ ቁልፉ እስኪሰጥ ድረስ የወጣው ነው፤ ሁለተኛው ሰው ገብቶ ሲኖርበት በየዓመቱ የሚወጣው። አውሮፓውያን ኢኤን 15978 በሚባለው ደረጃቸው ይህንን በፊደል ከፋፍለውታል፤ ማምረት፣ ማጓጓዝና መገንባት «ኤ»፣ መኖርና ማደስ «ቢ»፣ ማፍረስ «ሲ» ይባላሉ። ከፈረሰ በኋላ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለው ብረትና እንጨት «ዲ» ተብሎ ለብቻው ይጻፋል እንጂ ከድምሩ ጋር አይቀላቀልም።

ብርድ ባየለበት አገር ለረጅም ጊዜ ትኩረቱ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ቤት በጋዝ ይሞቃል፤ ኤሌክትሪኩም በብዙ ቦታ ከድንጋይ ከሰል ይመነጫል። ስለዚህ ከኢንተርኔት የሚገኙት ማስያዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት የማሞቂያውን ዓይነትና የወሩን የመብራት ፍጆታ ነው። ይህንን ቅጽ ይዞ ደሴ የሚገባ ሰው ይቸገራል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ብርዷ ባይናቅም የሌሊቱ ማሞቂያ ጋቢ ነው። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ አየሩ ይሞቃል፤ እዚያም መስኮት ይከፈታል፣ ቢበዛ ቬንትሌተር ይዞራል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው። ቅጹን በሐቀኝነት ብንሞላው መልሱ ዜሮን ይጠጋል። እውነቱ ግን ዜሮ አይደለም፤ መልሱ እንዲህ ያነሰው ቅጹ ስለ ሲሚንቶውና ስለ ጉልቻው ስላልጠየቀ ነው።

የወሎ ቤት ሒሳብ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ከሲሚንቶው ልጀምር። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ሲቃጠል ነው። ለዚያ ሙቀት የድንጋይ ከሰል ይነዳል፤ ይህን ሁሉም ይገምታል። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ድንጋዩ ራሱ ጋዝ የሚያወጣ መሆኑን ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44ቱ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ምድጃው በፀሐይ ቢሞቅ እንኳ ይህ አይቀርም። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ልቀት ከግማሽ በላዩ የሚመጣውም ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ኪሎ ሲሚንቶ እንደ ዓይነቱ ከ0.6 እስከ 0.9 ኪሎ ካርቦን ይጠየቅበታል።

እንደ ዓይነቱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ግንበኞች ኦፒሲ እና ፒፒሲ የሚሏቸው ሁለት ሲሚንቶዎች አሉ። ኦፒሲ መደበኛው ሲሚንቶ ነው። ፒፒሲ ላይ ከተቃጠለው ድንጋይ የተወሰነው ተቀንሶ እንደ ፑሚስ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈጭቶ ይገባበታል፤ ያ ድንጋይ እሳተ ገሞራው አስቀድሞ ያቃጠለው ስለሆነ ዳግም ምድጃ አይፈልግም። ለኮለንና ለሶሌታ ኦፒሲ ይመረጣል፤ ለግንብና ለልስን ግን ፒፒሲ ይበቃል። ግድግዳ በኦፒሲ የሚያስለስን ባለቤት ገንዘቡንም ካርቦኑንም ያለ ጥቅም ያወጣል፤ እንዲህ የሚያደርጉ ደግሞ ጥቂት አይደሉም።

አሁን ኮምቦልቻ ላይ አንድ ቤት እንሥራ። ለምሳሌ የወሰድኩት ነው፤ 60 ካሬ ሜትር፣ መሠረቱ ጥቁር ድንጋይ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ከመሠረቱ እስከ ልስኑ 120 ኩንታል ሲሚንቶ ገባበት እንበል። ይህ 12,000 ኪሎ ነው፤ በ0.7 ስናባዛው 8,400 ኪሎ ካርቦን ይሆናል። ፌሮው 600 ኪሎ ቢሆን፣ አንድ ኪሎ ብረት በዓለም አማካይ ሁለት ኪሎ ገደማ ስለሚያወጣ 1,200። ቆርቆሮው 250 ኪሎ ቢመዝን፣ ብረት ከመሆኑ በላይ የዚንክ ቅብ አለበትና 700። ኮምቦልቻ ላይ የታጠፈ ቆርቆሮም ቢሆን ብረቱ የቀለጠው ባሕር ማዶ ነው፤ ያም ጭስ ከዚህ ቤት ሒሳብ አያመልጥም።

መጓጓዣው ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ያንሳል። ሲሚንቶው ከሙገር አካባቢ ተነሥቶ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባዶውን የሚመለሰውን መኪና ጭምር ቆጥረን አንድ ቶን ጭነት በአንድ ኪሎ ሜትር 0.1 ኪሎ ያወጣል ብንል 12 ቶኑ 600 ኪሎ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ከፋብሪካው ምድጃ ጋር ሲተያይ ከአሥር እጅ አንድ እንኳ አልሞላም። አሸዋው፣ ጠጠሩና ድንጋዩ ክብደታቸው እጅግ ብዙ ነው፤ ግን ተቆፍረውና ተፈጭተው እንጂ ተቃጥለው አልመጡምና ከነሲኖትራኩ ሁሉም ተደምረው 400 ኪሎ ቢሆኑ ነው። በርና መስኮቱን፣ መስታወቱንና ቀለሙን ስንጨምር ጠቅላላው 12 ቶን አካባቢ ይደርሳል። በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሲሚንቶው ብቻውን ሁለት ሦስተኛውን ያህል ወስዷል።

አንድ ምክር። ይህን ቁጥር ከንድፉ ላይ ከማውጣት ከደረሰኝ ላይ ማውጣት ይሻላል። ንድፉ ላይ የማይታይ ብሎኬት በየመንገዱ ይሰበራል፤ ዝናብ የመታው ሲሚንቶ ደርቆ ይጣላል፤ ባሬላ ተሸካሚው ያፈሰሰው አርማታ ከሥር ይቀራል። የተመረተው ሁሉ ጭሱን አውጥቷል፤ ግድግዳው ውስጥ ገባ አልገባ አየሩ አያውቅም።

ደሴ ላይ ሒሳቡ ከመሬት በታች ይጀምራል። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ናት፤ የመሬት መንሸራተት ያሠጋታል። ቤት ከመሠራቱ በፊት አፈር የሚይዝ የድጋፍ ግንብ የሚያስፈልግበት ቦታ ብዙ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ያለና ደሴ ገደል አፋፍ ላይ ያለ አንድ ዓይነት ቤት እኩል ሲሚንቶ አይበሉም። «ቤቱን ብቻ ነው የቆጠርኩት» የሚል ሪፖርት ግንቡን ከዘለለው ትልቁን ዘሏል፤ ወሰን የሚባለው ነገር ትርጉሙ ይኸው ነው።

የአክስቴ ቤት ግን ጭቃ ቤት ነው። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ምርጊቱ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ላይ በኋላ የፈሰሰ ቀጭን ሊሾ። ጭቃውን ያቦካው የሰው እግር ስለሆነ ሒሳቡ ላይ ዜሮ ነው። የሊሾው አሥር ኩንታል ሲሚንቶ 700፣ ቆርቆሮው 700፣ ሚስማርና መጋጠሚያው ጥቂት፤ ድምሩ ሁለት ቶን አይሞላም። እንጨቱ ደግሞ በተቃራኒው ያከማቻል። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሹ ካርቦን ስለሆነ አንድ ኪሎ ማገር ዛፉ ከአየር የሳበውን 1.8 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቆሟል። ይህን ግን እንደ ትርፍ መጻፍ አይገባም፤ ማገሩ አንድ ቀን ተነቅሎ ማገዶ ሲሆን የያዘውን ይመልሳልና። ጥንቁቅ ሒሳብ ሲገባም ሲወጣም ይጽፈዋል።

ላሊበላ አካባቢ ያሉት ክብና ባለ ፎቅ የላስታ የድንጋይ ቤቶችም ከዚሁ ወገን ናቸው። አብያተ ክርስቲያናቱማ ከአንድ አለት ተፈልፍለው ስለወጡ ለግድግዳቸው ግንበኛ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

ይህን ስል ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ ማለቴ እንዳልሆነ አክስቴ ምስክሬ ናቸው። ምስጥ የበላውን ቋሚ ሁለቴ አስቀይረዋል፤ ምርጊቱን በየጥቂት ዓመቱ ያስለቀልቃሉ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳውን ሲጎበኙ ይውላሉ። ይህ ሁሉ «ቢ» ውስጥ ይቆጠራል። በካርቦን በኩል አሁንም ትንሽ ነው፤ በልፋት በኩል ግን ማባዣ አልተሠራለትም።

ወደ ማድ ቤቱ እንግባ፤ ሚዛኑ የተሰቀለው ለዚህ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማለዳ ያለውን ማገዶ በሙሉ መዝኖ ለብቻው ማስቀመጥ፣ ቀኑን ከዚያ ብቻ ማንደድ፣ ማታ የተረፈውን መመዘን። ልዩነቱ የዕለቱ ፍጆታ ነው። አንድ ቀን አይበቃም፤ እንጀራ የሚጋገርበት ቀንና የማይጋገርበት ቀን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ረመዳን ላይ የተመዘነ የሙስሊም ቤት፣ ወይም ሁዳዴ ላይ የተመዘነ የክርስቲያን ቤት የዓመቱን መልክ አይነግርም። የእንጨቱ እርጥበትም መታየት አለበት፤ ክረምት ላይ የሚገዛው እስር ከፊሉ ውኃ ነው።

አክስቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው፤ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆሟል። መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ ሊጡ ቦክቶ ሲጠብቅ ነው ይላሉ። ስለዚህ የአምስት ሰው ቤት በአማካይ በቀን ስድስት ኪሎ እንጨት ያነድ ነበር። በዓመት 2,190 ኪሎ ማለት ነው።

አንድ ኪሎ አየር ያደረቀው እንጨት ሲነድ 1.75 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ሁሉንም ከቆጠርነው በዓመት 3.8 ቶን ይሆናል። ግን ሁሉም ይቆጠር ወይ? ይህ ጥያቄ ባለሙያዎቹንም ያከራክራል። ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ያወጣውን ጋዝ የሚተካው ችግኝ ይስበዋል፤ ይካካሳል። ከገደል ላይ የተመነጠረው ወይራ ወይም ጽድ ግን አልተተካም። ስለዚህ የሚቆጠረው ያልተተካው ድርሻ ብቻ ነው። ምድጃ አሻሽለው የካርቦን ገንዘብ የሚጠይቁ ፕሮጀክቶች ይህን ድርሻ ለረጅም ጊዜ ከፍ አድርገው ሲያሰሉ ኖረዋል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ክፍያው ስለሚጨምር ነው። በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ዝቅ እንዲል አድርገውታል። እኔ ለአክስቴ ቤት ሲሶውን ወሰድኩ፤ እስሩ ውስጥ ያየሁት አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበርና። ሲሶው 1,280 ኪሎ ገደማ ነው።

ሚቴኑና ናይትረስ ኦክሳይዱ ግን ዛፉ ቢተካም ባይተካም ይቆጠራሉ፤ ችግኝ ሚቴን አይስብምና። ከዚያ ሁሉ እንጨት የሚወጡት እነዚህ ሁለቱ ተመንዝረው 310 ኪሎ ያህል ይሆናሉ። በድምሩ ማድ ቤቱ በዓመት 1,600 ኪሎ አካባቢ ያወጣል።

ይህን ከኮምቦልቻው ብሎኬት ቤት ጋር እናስተያየው። 12 ቶኑን ለ50 ዓመት ብናካፍለው በዓመት 240 ኪሎ ይደርሰዋል። አንድ ጉልቻ ከስድስት እንዲህ ያሉ ቤቶች ይበልጣል ማለት ነው። እንጨቱ በሙሉ ከሚተካ ዛፍ ነው ብንል እንኳ የጭሱ ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ብቻቸውን 310 ሆነው ከቤቱ ይልቃሉ። ይህን ስደርስበት ሁለቴ ደግሜ አሰላሁት።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ስለ ወጡ አልከራከርም፤ ስለ ማገዶው ግን ተረቱ አይሠራም። ከሦስት ጉልቻ ወደ ምርጥ ምድጃ፣ ማለትም ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ ወደሚሠራው የእንጀራ መጋገሪያ መሻገር ለመጋገር የሚፈጀውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለምድጃው የገባው ጥቂት ኪሎ ሲሚንቶ በሳምንታት ውስጥ ዕዳውን ይከፍላል። ሲሚንቶን ስወቅስ ቆይቼ እዚህ ላይ ላመስግነው።

የኤሌክትሪክ ምጣዱስ? 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠራ በዓመት 728 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ከውኃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ የግድቡ ሲሚንቶ ሳይቀር ተቆጥሮ በኪሎ ዋት ሰዓት 24 ግራም ገደማ ተብሎ ይታሰባል። ዓመቱን ሙሉ ተጋግሮ 18 ኪሎ አይሞላም። ያው ምጣድ ከድንጋይ ከሰል በሚመነጭ ኤሌክትሪክ ቢሠራ ወደ 600 ኪሎ ይጠጋ ነበር። ማባዣው ከየት አገር እንደተቀዳ ሳያዩ ቁጥር መጠቀም ምን ያህል እንደሚያስት ከዚህ በላይ ማሳያ አላገኘሁም።

ከሰል ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ሳሎኑ ውስጥ የሚታየው ጥቂት ፍም ነው፤ ጭስ እንኳ የለውም። ጭሱ የቀረው ከሰሉ የከሰለበት ቦታ ነው። በባህላዊው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንጨት ያልቃል፤ ታፍኖ ስለሚከስልም ሚቴኑ ይበዛል። ወሰኑን የቤቱ አጥር ላይ ካሰመርነው ይህ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከሰል የሚቆጠረው በማዳበሪያው ጆንያ ክብደት ሳይሆን እሱን ለማክሰል ባለቀው እንጨት ነው። ኩበት ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሚወጣው ካርቦን በየዓመቱ ከሚበቅለው ሣርና ገለባ የመጣ ነው፣ ሚቴኑ ግን ይቆጠራል።

የቀረው አካፋዩ ነው። ዓመቱን ማን ወሰነው? አውሮፓ ላይ 50፣ ብሪታንያ ላይ 60 ዓመት መውሰድ የተለመደ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቤቱ ፈርሶ ዳግም የሠራ ሰው ግን ሃምሳ ዓመት አልጠበቀም፤ ሲሚንቶው ሁለት ጊዜ ተቃጥሎለታል። በካሬ ሜትር ይካፈል ወይስ በሰው የሚለውም ቀላል አይደለም። በካሬ ሜትር ሲካፈል ሁለት ሰው የሚኖርበት ሰፊ ቪላ መልካም መስሎ ይታያል፤ በሰው ሲካፈል ሰርቪሱን አከራይቶ ዘጠኝ ሰው ያስጠለለ ግቢ ይሻላል። እኔ በሰው ማካፈሉን እመርጣለሁ፤ ቤት የሚሠራው ለሰው እንጂ ለካሬ ሜትር አይደለም። ሁለቱንም ጎን ለጎን የማይጽፍ ሪፖርት ሲያጋጥመኝ የሚያምርለትን መርጦ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች በወዲህም በወዲያም ሩቡን ያህል ሊዛነፉ ይችላሉ። «11,847.3 ኪሎ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካገኛችሁ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ተዉለት። ጠቃሚው ቅደም ተከተሉ ነው፤ እሱ ደግሞ ሩብ ቢዛነፍም አይገለበጥም።

አክስቴን ከዚህ ሁሉ የገረማቸው ሌላ ነገር ነበር። በአንድ ዋጋ ከተገዙት እስሮች አንዱ 14 ኪሎ፣ ሌላው 9 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ዝም ብለው ደብተሬን አዩ፣ እስሮቹን አዩ። የመጨረሻው ቀን ሻንጣዬን ሸክፌ ሚዛኑን ላወርድ እጄን ስዘረጋ፣ «እሱን ተወው የኔ ጌታ፤ ቅዳሜ እንጨት የምታመጣዋ ትመጣለች» አሉኝ።